ለአዲስ ቡችላ የሚስማማ ኬጅ አመራረጥ፦ ከልኬት እስከ መጀመሪያው ሌሊት

ስለ ቡችላ ኬጅ የሚነሳው ቅሬታ ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። «ውስጡ ይሸናል»፣ «ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል»፣ «ገና በአምስት ወሩ ጠበበው»። አብዛኛው ችግር የቡችላው ጠባይ ያመጣው ሳይሆን ኬጁ ሲገዛ የተፈጠረ ነው። ሰው ፎቶ አይቶ፣ በዓይኑ ገምቶ፣ «ሲያድግ ይበቃዋል» ብሎ ይገዛል። ኬጅ የሚመረጠው ግን በሜትር ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቡችላ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ በተፈጥሮው አይወድም። ቦታው ለመኝታው ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሽንቱን ይይዛል ወይም ለመውጣት ያለቅሳል። ከሰፋለት አንዱን ጥግ ሽንት ቤት አድርጎ በሌላው ጥግ ይተኛል። ከጠበበው ደግሞ መዞርና መዘርጋት ስለማይችል ኬጁን ይጠላዋል። ስለዚህ ከምንም በፊት የሚወሰነው የወለሉ መጠን ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱባቸው፤ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 6ን ግን በምንም ምክንያት አትዝለሉ።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ወረቀትና እርሳስ
- ወለል ላይ ምልክት ማድረጊያ ፕላስተር
- ሚዛን (ቡችላውን ታቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ)
- ስትለኩ ቡችላውን የሚይዝላችሁ ሰው
- የቡችላው ዕድሜ በሳምንት፣ ዝርያው፣ ከተገኘም የእናትና የአባቱ ቁመትና ክብደት

ኬጁ ቡችላው ቤት ከመግባቱ በፊት ተገጣጥሞ ይጠብቀው። ቡችላውን ገና ካላገኛችሁት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ ለኩት፣ ወይም የሚሰጣችሁ ሰው ለክቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ኬጁ ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ ለዩ

ለቤት፣ ለመኪና እና ለአውሮፕላን የሚሆን አንድ ኬጅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ለአንዱም የማይመች ይዞ ይመለሳል። ዋናውን አገልግሎት ምረጡ።

ለቤት ውስጥ መኝታና ሽንት ለማስተማር ከሆነ መክፈያ (የኬጁን ውስጥ ለሁለት የሚከፍል፣ ቦታው የሚቀያየር ግድግዳ) ያለው ተጣጣፊ የሽቦ ኬጅ ይሻላል፤ ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይህ ነው። ለመኪና ከሆነ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ለመኪና ተብሎ የተሠራ የብረት ኬጅ ያስፈልጋል፤ እሱም መታሰር አለበት። ያልታሰረ ኬጅ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ከነቡችላው ይወረወራል። የአውሮፕላኑ የራሱ ደንብ ስላለው ደረጃ 3 ላይ ለብቻው ታገኙታላችሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ መልሱ፦ ቡችላው በቀን ስንት ሰዓት ብቻውን ይሆናል? የተለመደው መመሪያ የወሩን ቁጥር ወስዶ አንድ መጨመር ነው። የሦስት ወር ቡችላ ቢበዛ አራት ሰዓት ሽንቱን ሊይዝ ይችላል ማለት ነው፤ ይህም የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የየቀኑ ልክ አይደለም። የሁለት ወር ቡችላ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ተዘግቶበት ባይቆይ ይመረጣል። ስድስት ወር ሳይሞላው ደግሞ በቀን ከአራት ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ አትዝጉበት። ቀኑን ሙሉ ቤት ሰው የማይኖር ከሆነ ምንም ዓይነት ኬጅ ችግራችሁን አይፈታም። ተጣጣፊ የሽቦ አጥር ግዙና ኬጁን በሩ ክፍት ሆኖ አጥሩ ውስጥ አስቀምጡት፤ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ የሚያወጣው ሰውም ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ለኩ

ሁለት ልኬቶች ያስፈልጋሉ፤ የዛሬው እና ሲያድግ የሚኖረው። የዛሬው መክፈያው የት እንደሚቆም ይነግራችኋል። የወደፊቱ የትኛውን ኬጅ እንደምትገዙ ይነግራችኋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ስለሚሄድ ነው።

የዛሬው ልኬት

1. ቡችላውን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሙት። ረዳታችሁ አፍንጫው ፊት ትንሽ ማባበያ ይያዝለት፤ አንገቱ ቀጥ ይበል፣ ወደ ታች አይጎንበስ።
2. ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ መነሻ ለኩ። ጅራቱን አትቁጠሩ።
3. አስቀምጡት። ከወለሉ እስከ ራሱ አናት ለኩ። ጆሮው የሚቆም ዝርያ ከሆነ እስከ ጆሮው ጫፍ ይሁን። ተቀምጦ የሚለካው ብዙ ውሾች ሲቀመጡ ራሳቸውን ከፍ ስለሚያደርጉ ነው።
4. በሁለቱም ቁጥር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። በጣም ትንሽ ለሆነ ዝርያ 5 ይበቃል።
5. ቀኑን ጭምር ጻፉት። በየሁለት ሳምንቱ ትደግሙታላችሁ።

ቡችላው አልቆም ብሎ ከተቁነጠነጠ አትታገሉት። እንቅልፉ ሲመጣ ጠብቁና በጎኑ ተዘርግቶ በተኛበት ለኩት፤ ርዝመቱ ያው ነው። ቁመቱን ምግቡን ሲጠብቅ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።

ሲያድግ የሚኖረው ልኬት

ዝርያው ከታወቀ ተመሳሳይ ዝርያና ፆታ ያለው ያደገ ውሻ ፈልጋችሁ በዚያው ዘዴ ለኩ። ወንድና ሴት በብዙ ዝርያ እኩል አይደሉም፤ ወንዱ ይበልጣል። እናትና አባቱን ማየት ከቻላችሁ ከሁለቱ የትልቁን ልኬት ውሰዱ።

ዝርያው የተደባለቀ ወይም ጭራሽ ያልታወቀ ከሆነ በክብደት ሂዱ። መካከለኛ መጠን ያለው ውሻ አራት ወር ገደማ ሲሆነው ሲያድግ የሚኖረውን ክብደት ግማሽ ያህል ይደርሳል። ትንንሾቹ ቀደም ብለው፣ ትልልቆቹ ወደ አምስት ወር ተጠግተው ይደርሳሉ። ስለዚህ በአራት ወሩ 9 ኪሎ የሆነ ቡችላ ሲያድግ ወደ 18 ኪሎ ይጠጋል ብላችሁ አስቡ፤ ይህን የሚመዝን ያደገ ውሻ ፈልጋችሁ ለኩ። የእንስሳት ሐኪሙም ክትባት ስትወስዱት ግምቱን ሊነግራችሁ ይችላል። «መዳፉ ትልቅ ነው፣ ግዙፍ ይሆናል» የሚለውን ግን ለመግዣ ውሳኔ አትጠቀሙበት።

የሽቦ ኬጆች በብዛት የሚሸጡት በኢንች ነው። 24 ኢንች (61 ሴንቲ ሜትር) ለቺዋዋና ለማልቲስ ዓይነቶቹ፣ 30 ኢንች (76) ለፈረንሳይ ቡልዶግ መጠን፣ 36 ኢንች (91) ለመካከለኞቹ፣ 42 ኢንች (107) ለላብራዶርና ለቦክሰር፣ 48 ኢንች (122) ለሮትዋይለርና ለትልልቅ የጀርመን እረኛ ውሾች ይሆናል። ይህ መነሻ ብቻ ነው። የለካችሁት ቁጥር ከዚህ ዝርዝር ጋር ከተጋጨ የለካችሁትን ያዙ። ቁጥራችሁ በሁለት መጠኖች መካከል ከወደቀ ትልቁን ግዙ፤ ትርፉን መክፈያው ይይዘዋል።

ጥንቃቄ፦ ሻጩ የሚጽፈው ልኬት የውጪው ነው። የፕላስቲክ ኬጅ ግድግዳ ወፍራም ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ወደ ውስጥ ያጋደለ ስለሆነ፣ የውስጡ ወለል ከተጻፈው በብዙ ሴንቲ ሜትር ሊያንስ ይችላል። ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱና ወለሉን ከውስጥ ለኩ። በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ የውስጡን ወለል ርዝመት ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ አትግዙ።

ደረጃ 3፦ ዓይነቱን ምረጡ

ተጣጣፊ የሽቦ ኬጅ። አየር በሁሉም በኩል ይገባል፣ ቡችላው ሰው ያያል፣ ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ትሪ ወጥቶ ይታጠባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መክፈያ ይቀበላል። ያንኳኳል፣ ግልጥልጥ ማለቱም ፈሪ ቡችላን ይረብሻል። ቀጭን ጨርቅ ከላይና ከሁለት ጎን ብታለብሱት ይረጋጋል፤ ፊት ለፊቱንና አንዱን ጎን ክፍት ተዉ።

ጠንካራ የፕላስቲክ ኬጅ። ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፅ የሚያስደነግጠው ቡችላ ይወደዋል። ችግሩ መክፈያ አለመቀበሉና ሙቀት መያዙ ነው። ካደገ በኋላም ትንሽ ሆኖ ለሚቀር ዝርያ ጥሩ ምርጫ ነው። ለትልቅ ዝርያ ግን ቡችላው እስኪያድግ ሁለት ሦስቴ መግዛት ሊኖርባችሁ ነው።

የጨርቅ ኬጅ ለቡችላ አትግዙ። ቀላልና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ቡችላ ዚፑን በአፍንጫው ይገፋዋል፣ መረቡን በጥርሱ ይበጥሰዋል፣ የተበጠሰውንም ይውጠዋል። የወተት ጥርሶቹ 28 ናቸው፤ ከሦስት ወር አካባቢ ጀምረው መውለቅ ይጀምራሉ፣ እስከ ሰባት ወር ድረስም በ42 ጥርሶች ይተካሉ። በእነዚህ ወራት ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። የእንጨቱም እንዲሁ ነው፤ በዚያ ላይ ሽንት አንዴ ከጠጣ ሽታው አይለቅም። ሁለቱንም ለሠለጠነ ያደገ ውሻ ተዉአቸው።

ከባድ የብረት ኬጅ ሰባብሮ ለሚወጣ ውሻ ይሸጣል። ቡችላ ሰባብሮ ለመውጣት እየታገለ ከሆነ ግን ፍርሃት ይዞታል፤ ወፍራም ብረት ፍርሃቱን አያስለቅቀውም። የዚህን መፍትሔ ወደ መጨረሻው ተመልከቱ።

ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ዝርያዎች (ፐግ፣ ቡልዶግና የመሳሰሉት) በቀላሉ ሙቀት ይመታቸዋል፤ ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው በማለክለክ ነው፣ እነሱ ደግሞ መተንፈሻቸው ጠባብ ነው። ለእነዚህ የሽቦ ኬጅ ግዙ፤ በሙቀት ጊዜም አትሸፍኑት።

ለአውሮፕላን ከሆነ

የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) የእንስሳት ማጓጓዣ ደንብ ራሱን የቻለ ቀመር አለው። አራት ልኬት ውሰዱ፦ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት መነሻ፣ ከወለል እስከ ፊት እግሩ ክርን፣ የትከሻው ስፋት፣ ቆሞ ከወለል እስከ ራሱ አናት ወይም ጆሮው ጫፍ (ከሁለቱ ከፍ ያለው)። የኬጁ የውስጥ ርዝመት የመጀመሪያው ልኬት ሲደመር የሁለተኛው ግማሽ ነው። ወርዱ የትከሻው ስፋት እጥፍ ነው። ቁመቱ አራተኛው ልኬት ሲደመር የምንጣፉ ውፍረት ነው። ፊተ ጠፍጣፋ ለሆኑት 10 በመቶ ይጨመራል። የላይኛውና የታችኛው ክፍል በብረት ብሎን የሚያያዝ፣ አየር በአራቱም በኩል የሚያስገባ ይሁን፤ ጎማ ካለው ይነቀል ወይም እንዳይሽከረከር ይታሰር። ከመግዛታችሁ በፊት አየር መንገዱን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ በዚህ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ።

ደረጃ 4፦ የሚቀመጥበትን ቦታ ለኩ

1. የኬጁን ርዝመትና ወርድ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።
2. በሩ የሚከፈትበትን ስፋት ጨምሩ። በሩ ግድግዳ ወይም አልጋ ነክቶ ግማሽ ድረስ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ቡችላው መግባት ይፈራል።
3. ቦታውን በጠዋት፣ እኩለ ቀንና ከሰዓት በኋላ እዩት። ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ከሆነ ቀይሩት። ከበር ሥር ነፋስ የሚገባበት፣ ማሞቂያ ወይም ምድጃ አጠገብ ያለም አይሆንም።
4. የኤሌክትሪክ ገመድና መጋረጃ ከሽቦው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ቡችላ በሽቦው መካከል ስቦ ያስገባዋል።

ቦታው ጥግ ከሆነና በሩ ፊት ለፊት የማይከፈት ከሆነ የጎን በር ያለውን ባለሁለት በር ኬጅ ፈልጉ። ቀን ሳሎን፣ ማታ መኝታ ቤት ልታደርጉት ካሰባችሁ ደግሞ ክብደቱን አንሥታችሁ ሞክሩ፤ ትልቁ የሽቦ ኬጅ ለአንድ ሰው ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ ስትገዙ በእጃችሁ ፈትሹ

ተገጣጥሞ ያዩት ኬጅ ብቻ ነው የሚፈተሸው። ሻጩ ከካርቶኑ አውጥቶ እንዲያቆምላችሁ ጠይቁ።

መቀርቀሪያው። በሩን ቆልፉ፤ እጃችሁን ከውስጥ አድርጋችሁ የበሩን የታችኛውን ጥግ በጡጫ ግፉ። ቡችላ የሚገፋው እዚያ ጋ ነው፤ አፍንጫውን ጥጉ ላይ ያስገባና በትከሻው ይደግፈዋል። አንድ መቀርቀሪያ መሐሉ ላይ ብቻ ያለው በር ጥጉ ይለጠጣል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከተፈጠረ ተዉት፤ ራሱ ገብቶ አልመለስ ሊለው ይችላል። ትልቅ ለሚሆን ውሻ ከላይና ከታች ሁለት መቀርቀሪያ ያለው ይሁን።

ብየዳውና የሽቦው ጫፍ። ጥጥ ይዛችሁ ሂዱ። ጥጡን በሽቦው መጋጠሚያዎች፣ በበሩ ዙሪያና በወለሉ ጠርዝ ላይ ጎትቱት። ጥጡ ተይዞ ክር ከተወ፣ እዚያ ቦታ ላይ የቡችላው ከንፈር ወይም መዳፍ ይቆረጣል። በዓይን ለስላሳ የሚመስል ብየዳ በጥጥ ሲታይ እንዲህ ይጋለጣል።

የሽቦው ክፍተት። ራሱ ፈጽሞ መግባት የለበትም። የታችኛው መንጋጋውም ገብቶ መጠመድ የለበትም። ለትንንሽ ዝርያ ቡችላ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ባትወስዱ እመርጣለሁ።

ትሪው። ጎትታችሁ አውጡት፣ መልሱት። ዙሪያው ከፍ ያለ ጠርዝ ከሌለው ሽንቱ ምንጣፋችሁ ላይ ይፈስሳል። እንዳይንሸራተት የሚይዘው ማቆሚያ መኖሩንም እዩ።

ቀለሙ። በጥፍራችሁ ፋቁት። ከተላጠ ቡችላው ያኝከዋል፣ ከሥሩም ሽንት ሲነካው ይዝጋል።

መክፈያው። «አለው» የሚለውን አትመኑ፤ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ያገለገለ ኬጅ ከሆነ

ዋናው ሥጋት ፓርቮ ነው። ይህ ቫይረስ ውሻው ከሄደ በኋላም ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላንም ይገድላል። የቡችላ ክትባት ዙር የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ አራት ወር አካባቢ ነው። ስለዚህ ጨርቅና እንጨት ያለውን ያገለገለ ኬጅ ጭራሽ አትግዙ፤ ማጽዳት አይቻልም። ብረትና ፕላስቲክ ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

1. ሁሉንም ፍቱ። በሳሙናና በሙቅ ውኃ፣ በብሩሽ እሹት። ቆሻሻ ካለበት በረኪና አይሠራም።
2. አንድ እጅ በረኪና ለ32 እጅ ውኃ በጥብጡ፤ ለአንድ ሊትር ውኃ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በረኪናው አዲስ የተከፈተ ይሁን።
3. ሁሉንም አርሱና 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ቶሎ ከደረቀ ደግማችሁ አርሱት።
4. በብዙ ውኃ አለቅልቁ፤ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይና አየር ላይ አድርቁት።

ማስጠንቀቂያ፦ በረኪናን ከአቼቶም ሆነ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ለእናንተም ለቡችላውም መርዝ ነው።

ደረጃ 6፦ ገጣጥሙና መክፈያውን አቁሙ

ቡችላው ክፍሉ ውስጥ በሌለበት ገጣጥሙ። ብረቱ ሲጋጭ የሚያሰማው ድምፅ ከኬጁ ጋር የሚያደርገው የመጀመሪያ ትውውቅ መሆን የለበትም።

1. የፊትና የኋላውን ግድግዳ አንሡ፣ አራቱም ጥግ መያዣዎች መግባታቸውን አንድ በአንድ እየጎተታችሁ አረጋግጡ። ሦስት ገብተው አንዱ ካልገባ ጣሪያው ይወርዳል።
2. ከበሩ ጀምራችሁ የዛሬውን ርዝመት ልኬት (10 ሴንቲ ሜትሩን ጨምራችሁ) ወደ ውስጥ ለኩ። መክፈያው የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።
3. የመክፈያው መንጠቆዎች ጫፋቸው ወደ ባዶው ክፍል ይዙር፤ ወደ ቡችላው አይሁን።
4. በመክፈያውና በግድግዳው፣ በጣሪያውና በትሪው መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን እዩ። የቡችላው ራስ የሚገባበት ቦታ ካለ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠብቃችሁ እሰሩት፤ የተረፈውን ጫፍ ከባዶው ክፍል በኩል ቁረጡ።
5. መክፈያውን በሁለት እጅ ግፉት። ከተንሸራተተ ማሰሪያ ጨምሩ።

አሁን ቡችላውን አስገቡትና ዝም ብላችሁ እዩት። ራሱን ሳይጎነብስ ይቆማል? ከመተኛቱ በፊት ሲዞር ዳሌው ግድግዳውን ሳይገፋ ይዞራል? በጎኑ ተኝቶ እግሩን ይዘረጋል? ሦስቱንም ከቻለ ጠባብ አይደለም። ተዘርግቶ ከተኛ በኋላ አጠገቡ ሌላ ቡችላ የሚያስተኛ ቦታ ከተረፈ ደግሞ ሰፊ ነው፤ መክፈያውን አስጠጉ።

ኬጁ መክፈያ ከሌለው ካርቶን ወይም ትራስ አትጠቅጥቁበት፤ ያኝከዋል፣ ይውጠዋል፣ ይሸናበታል። ለዚያው ኬጅ የሚሆን መክፈያ ለብቻው ፈልጉ። እስኪገኝ ድረስ የቡችላውን መጠን ያለው ትንሽ ኬጅ ተዋሱ፤ በደንብም አጽዱት።

ደረጃ 7፦ ውስጡ ምን ይግባ

ጥቂት ነገር ብቻ። የመጀመሪያውን ሳምንት የሚታጠብ አሮጌ ፎጣ ይበቃል፤ ወፍራም ፍራሽ ካኘከ ከውስጡ የሚወጣው ስፖንጅ አንጀቱን ሊዘጋ ይችላል። የሽንት መምጠጫ ንጣፍ አታንጥፉ፤ ውስጡ እንዲሸና ማስተማር ይሆናል። ከአፉ የሚበልጥ አንድ ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ስጡት። ቆይታው ከረዘመ ወይም ሙቀት ካለ ሽቦው ላይ የሚታሰር የውኃ ሳህን ይኑር።

አንገቱ ላይ ያለውን ማሰሪያ ግን ሁልጊዜ አውልቁ፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ቀለበቱ ወይም የስም ጽሑፉ ሽቦው ላይ ተጠምዶ ታንቀው የሞቱ ውሾች አሉ።

ደረጃ 8፦ አስለምዱትና ምርጫችሁን ፈትኑ

1. በሩን ክፍት አድርጋችሁ እሰሩት። ተወዛውዞ ከመታው ሁለተኛ አይጠጋም።
2. ምግቡን መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ውስጥ፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ አስቀምጡ። አትግፉት፣ ጎትታችሁም አታስገቡት።
3. ሲበላ በሩን ዝጉ፤ በልቶ ሳይጨርስ ክፈቱ።
4. የሚዘጋበትን ጊዜ ከሰከንድ ወደ ደቂቃ በቀስታ አሳድጉ። መጀመሪያ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ክፍሉን ለቃችሁ ተመለሱ።
5. ማታ ኬጁን አልጋችሁ አጠገብ አድርጉት። የሁለት ወር ቡችላ ሌሊት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መውጣት አለበት። ሲቁነጠነጥ ሳትናገሩ፣ መብራት ሳታበዙ አውጡት፤ ከሸና በኋላ ወደ ኬጁ መልሱት፤ ጨዋታ የለም።

ሲያጠፋ ኬጁ ውስጥ አትዝጉበት። መቀጫ የሆነ ኬጅ ምንም ያህል በልኩ ቢመረጥ አይለመድም።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ውስጡ ሸና። መጀመሪያ የት እንደሸና እዩ። ራቅ ያለ ጥግ ላይ ሸንቶ እሱ ደረቁ ላይ ከተኛ ቦታው ሰፍቷል፤ መክፈያውን አስጠጉ። የተኛበት ላይ ከሸና ደግሞ ጊዜው በዝቶበታል፤ ቆይታውን አሳጥሩ። የሽንቱን ሽታ በሚያጠፋ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ እጠቡት፤ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽንት ስለሚሸት መልሶ እዚያው ይስበዋል። በየአፍታው ጥቂት ጥቂት የሚሸና ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ የሽንት ቧንቧ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጠባብና ቆሻሻ ቦታ ተዘግቶበት ያደገ ቡችላ ቆሻሻ መጥላቱን ሊያጣ ይችላል፤ ለእሱ መክፈያ ብቻውን አይበቃም፤ ቶሎ ቶሎ ማውጣትና ፎጣውን ወዲያው መቀየር ያስፈልጋል።

አለቀሰ። ከወጣ ቆይቶ ከሆነ አውጡት። አሁን ሸንቶ፣ በልቶና ተጫውቶ ከሆነ ጥቂት ጠብቁ፤ ዝም ባለባት ቅጽበት ክፈቱለት። እየተባባሰ ከሄደ ግን ፈጥናችሁ ሄዳችኋል ማለት ነው፤ ደረጃ 8 ላይ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሽቦውን ይነክሳል። ጥርሱ ይሰበራል፤ ቸል አትበሉት። ከመግባቱ በፊት በደንብ አጫውቱት፣ የሚያኝከው ነገር ስጡት። ካልተወ ለጊዜው የፕላስቲክ ኬጅ ሞክሩ።

መንጋጋው ወይም መዳፉ ተጠመደ። አትጎትቱት። አንድ ሰው ሰውነቱን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ሽቦውን ይለጥጥ ወይም በጉጠት ይቁረጥ። የደነገጠ ቡችላ ይነክሳልና እጃችሁን በፎጣ ጠቅልሉ። ካበጠ ወይም እያነከሰ ከሄደ ሐኪም ይየው። ያን ኬጅ ግን መልሳችሁ አትጠቀሙበት።

ትሪውን እየጎተተ ያወጣል። ትሪውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ከወለሉ ሽቦ ጋር እሰሩት፤ ስታጥቡት ትቆርጡታላችሁ።

ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሳይሞቀው ያለከልካል፣ ጥፍሩ እስኪደማ ይቆፍራል። ይህ አመል አይደለም፣ ከባድ ፍርሃት ነው። ዛሬውኑ መዝጋት አቁሙ። ኬጁን ክፍት ተዉት፣ ቡችላውን አጥር ውስጥ ወይም ሰው ባለበት አቆዩት፤ የእንስሳት ሐኪምና የውሻ አሠልጣኝ አማክሩ። ኬጅ የማይሆናቸው ውሾች አሉ፤ ያለ ኬጅም ያድጋሉ።

መክፈያውን መቼ እንደምታንቀሳቅሱ

በየሁለት ሳምንቱ የደረጃ 2ን ልኬት ድገሙ። መክፈያው የቆመበት ርዝመት ከቡችላው ርዝመት በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ሲሆን መክፈያውን አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ውሰዱ። በአንድ ጊዜ ብዙ አትክፈቱለት። ካንቀሳቀሳችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ከሸና ወደ ነበረበት መልሱና አንድ ሳምንት ጠብቁ። መክፈያው ሙሉ በሙሉ የሚወጣው አንድ ወር ያህል ምንም ሳያቆሽሽ ከቆየ በኋላ ነው።

ትንንሽ ዝርያዎች ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ዕድገታቸውን ይጨርሳሉ፤ ትልልቆቹ ዓመት ተኩል፣ ግዙፎቹ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያሉ። እስከዚያ ድረስ መለካቱን አታቁሙ። መክፈያው ወጥቶ እንኳ አፍንጫው ወይም ጀርባው ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ ግምታችሁ አንሷል፤ ያንኑ ዕለት የሚቀጥለውን መጠን ፈልጉ፣ እስኪገኝም የኬጁን በር ክፍት አድርጋችሁ አስተኙት።